የቀፊራ ነጋዴ «ግሪዲ» አይደለችም

ሰሞኑን ተማሪዎቼ አንድ ጽሑፍ አምጥተው አስነበቡኝ። የጻፈው የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ጉዳዩም የሳንቲም እንቆቅልሽ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሁሉ አንድ ቀን ያገኘዋል። የተወሰኑ የሳንቲም ዓይነቶች አሉህ፣ አንድ ድምር ይነገርሃል፣ ያንን ድምር በትንሹ የሳንቲም ብዛት ክፈል ትባላለህ። የጽሑፉ መልስ ግሪዲ፣ ማለትም «ስግብግብ»፣ የሚባለው ዘዴ ነው። ከትልቁ ሳንቲም ጀምር፣ የሚገባውን ያህል ውሰድ፣ ወደ ቀጣዩ ውረድ፣ አለቀ።

ጽሑፉን ላላነበበ፣ የሚለው አምስት ነገር ነው። የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች መልስ የሚመልሱት በዚሁ ዘዴ ነው ይላል። ከ1 እስከ 100 ሳንቲም ሞክሬው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም ይላል። ግሪዲን የሚያሳስቱ ምሳሌዎች አስተማሪዎች የፈለሰፏቸው ናቸው፣ እንዲህ ዓይነት ሳንቲም ያለው አገር የለም ይላል። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም የትንንሾቹን ድምሮች መልስ በሠንጠረዥ እየያዙ ትልቁን ማስላት፣ ለኢንተርቪው ጉራ ካልሆነ ለሥራ አይሆንም፣ ይከብዳል ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኮዱን ትንሽ ነካ ካደረግከው ድምሩ በስንት መንገድ እንደሚከፈልም ይቆጥርልሃል ይላል።

አጻጻፉ ደስ ይላል፣ ሳልደብቅ ልናገር። ግማሹ ግን ልክ አይደለም። ልክ የሆነው ግማሽም ልክ የሆነው አንተ ባልከው ምክንያት አይደለም። «አንተ» ስልህ አትቀየመኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ታውቃለህ።

ከቀፊራ ልጀምር። ቅዳሜ ጠዋት በቅስቱ በር ግባና ሽንኩርትና ቲማቲም ከደረደረች አንዲት እናት አጠገብ ቁም። ሒሳቡ 135 ብር ሆነ እንበል፣ አንተ 200 ሰጠሃት። እሷ 65ን አስልታ ከ50 አትጀምርም። 5 ብር እጅህ ላይ ታደርግና «መቶ አርባ» ትላለች። አስር ትጨምርና «መቶ ሃምሳ»። ከዚያ አንድ ሃምሳ ትደርብበትና «ሁለት መቶ፣ በል ቁጠር» ትልሃለች። ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው የወጣችው። መቀነስ የሚባል ነገር አልሠራችም፣ ከዋጋው ተነስታ እስከሰጠሃት ብር ድረስ ቆጠረች። የደረሰችበት መልስ ግሪዲ ከሚሰጠው ጋር አንድ ነው፣ 50፣ 10፣ 5። የሄደችበት መንገድ ግን የአንተ ዘዴ ተገልብጦ ነው።

ይህን «ያው ነው» ልትለኝ ትችላለህ። እሺ፣ ሒሳቡ 155 ይሁን። አሁንም 200 ሰጠሃት። የአንተ ኮድ 45ን አይቶ አራት አስርና አንድ አምስት ያወጣል፣ አምስት ኖት። እሷ ግን መሶቧ ሥር ያለችውን ፌስታል ገለጥ አድርጋ አየት ታደርግና «አቦ አምስት ብር የለህም?» ትልሃለች። ሰጠሃት። አንድ ድፍን ሃምሳ መለሰችልህ። አንድ ኖት ገባ፣ አንድ ኖት ወጣ። አስሮቿ ለቀጣዩ ሰው ቀሩላት።

እኔ ከዚህ በላይ ብልህ ነገር በየትኛውም የአልጎሪዝም መማሪያ ላይ ያየሁ አይመስለኝም። ሴትየዋ ጥያቄውን ራሱን ቀየረችው። 20 ብር የሚባል ኖት ስለሌለን አርባ ብር መመለስ ሁልጊዜ አራት አስር ይበላል። ስለዚህ ገበያ ውስጥ መጀመሪያ የሚያልቀው አስር ነው። ይህን የምታውቀው እሷ ናት። ግሪዲ የሚያየው የፊቱን ድምር ብቻ ነው፤ ፌስታሏ ውስጥ ስንት አስር እንደቀረ አያይም፣ አንተ ኪስ ውስጥ አምስት ብር ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ስለዚህ ኮድህን በቀፊራ እናቶች ስም አትጥራው። ስግብግብ እነሱ አይደሉም።

አሁን ወደ ሙከራህ። ከ1 እስከ 100 ሳንቲም ሞከርኩ፣ ሁሉም ልክ ነው ብለሃል። አንድ ጥያቄ፦ ከምን ጋር አስተያየኸው? ያሳየኸው ሠንጠረዥ ላይ ያለው ድምሩ መግጠሙ ነው። 25 ሲደመር 10 ሲደመር 1፣ 36። ልክ ነው፣ 36 ነው። ግን ድምሩማ ሁልጊዜ ይገጥማል፣ አንድ ሳንቲም እስካለች ድረስ ምን ያግደዋል? እንቆቅልሹ የጠየቀው ትንሹን ብዛት ነው። ትንሹ መሆኑን ለማወቅ ትንሹን በሌላ መንገድ ያሰላ ሁለተኛ ኮድ ያስፈልግሃል። ያ ሁለተኛ ኮድ ደግሞ በአራተኛው ነጥብህ «ጉራ» ብለህ ያባረርከው ነው። ግሪዲን በግሪዲ ነው ያስመሰከርከው።

እኛ ሳቢያን ሰፈር ባለችው ክፍላችን አንድ ማታ ሞከርነው። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደብን፣ ግን ተጨረሰ። ዘዴው ይህን ያህል ነው። ከ0 ጀምረህ ለእያንዳንዱ ድምር ትንሹን ብዛት በሠንጠረዥ ትጽፋለህ። ለ36 ስትደርስ ወደ ኋላ ትመለከታለህ። የመጨረሻው ሳንቲም 25 ቢሆን ቀሪው 11 ነው፣ 10 ቢሆን 26፣ 5 ቢሆን 31፣ 1 ቢሆን 35። የአራቱም መልስ ቀድሞ ተጽፏል። ትንሹን ወስደህ አንድ ትጨምራለህ። ምንም አስማት የለውም። ተማሪዎቼ መቶውንም መስመር ከአንተ ሠንጠረዥ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት።

አንድም አልተለያየም። አልተሳሳትክም።

እንዲያውም ከዚያም በላይ ነው፣ ሳታውቀው ማረጋገጫ ሠርተሃል። ዴክስተር ኮዘንና ሽሙኤል ዛክስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር አለ። አንድ የሳንቲም ስብስብ ግሪዲን የሚያሳስት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ስህተት የሚገኘው ከሁለቱ ትልልቅ ሳንቲሞች ድምር በታች ነው። በ1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ሳንቲም ከሄድክ ሁለቱ ትልልቆች 25 እና 50 ናቸው። ድምራቸው 75። እስከዚያ ድረስ ስህተት ካልተገኘ እስከ ዓለም ፍጻሜ አይገኝም። መቶ ድረስ መሄድህ ትርፍ ነው። ባለአንድ ብሩን ሳንቲም ከጨመርክ ግን 50 ሲደመር 100፣ እስከ 150 መሄድ ነበረብህ። እኛ ሄደናል፣ ሰላም ነው።

እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። አንተ ከዚህ ተነስተህ «ግሪዲ ልክ ነው» ትላለህ። እኔ የምለው የእኛ ሳንቲም ለግሪዲ የተመቸ ነው። ምስጋናው ለኮዱ ሳይሆን ለሳንቲሙ ነው።

ብሩን ተመልከት። 1፣ 5፣ 10፣ 50፣ 100፣ ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 200። እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ያለቀሪ ያካፍላል። አምስት አንድ ብር ይዘህ ከሆነ በአንድ አምስት ትለውጠዋለህ፣ ሁለት አምስት ይዘህ ከሆነ በአንድ አስር፣ አምስት አስር ይዘህ ከሆነ በአንድ ሃምሳ። በለወጥክ ቁጥር ብዛቱ ይቀንሳል። መለወጥ እስከማትችል ድረስ ብትሄድ የምትደርሰው ግሪዲ በሚሰጥህ መልስ ላይ ነው። ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልገውም። ይህ ዓይነቱ ሰንሰለት ኖቱ በቁጥር ቢያንስ እንኳ አይበጠስም። አንድ ሃምሳና ጥቂት አስሮች ብቻ ቢኖሩህም ከትልቁ መጀመር አይከዳህም፣ የሚከፈል ድምር ከሆነ ይከፈላል።

ሳንቲሙ ላይ ግን አንድ አመጸኛ አለ። ስሙኒ። 25 ለ10 አይካፈልም። ስሙኒና አስር ሳንቲም ተስማምተው የሚኖሩት አምስት ሳንቲም መሐል ገብታ ስለምታስታርቃቸው ነው። እሷን አውጣትና 1፣ 10 እና 25 ብቻ ይቅሩ። አሁን 30 ሳንቲም ክፈል። ግሪዲ ስሙኒውን ያነሳል፣ አምስት አንድ ሳንቲም ይቆጥራል፣ ስድስት ሳንቲም። አንተ ግን ሦስት አስር ሰጥተህ ትሄዳለህ። አንድ ሳንቲምም ከሌለ ደግሞ ግሪዲ ስሙኒውን እንደያዘ ተገትሮ ይቀራል። «አይቻልም» ይልሃል፣ ሦስት አስሮች ፊቱ ተቀምጠው።

«ዛሬ ማን ሳንቲም ይይዛል?» እንዳትለኝ፣ እሱን እኔም አውቃለሁ። ግን ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በሳንቲም ሳይሆን በሞባይል ካርድ። ቴሌብር ሳይመጣ በፊት ነው፣ ሰፈራችን ካለች ኪዮስክ የ30 ብር ካርድ ፈለግኩ። ልጁ ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ ይዟል። የቀሩት የ25 እና የ15 ብር ናቸው። አንድ 25 መዘዘ። ከዚያ ቀሪዋን አምስት ፈለገ፣ ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ። «ጋሼ አምስት አልቋል፣ በ25 ይበቃሃል?» አለኝ። ከኋላዬ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ነው የመለሰለት፦ «ዋርያ፣ ሁለት አስራ አምስት ስጠው እንጂ!»

ልጁ ግሪዲ ነበር። ሹፌሩ ምን እንደነበር አንተው ስም ስጠው።

ሦስተኛው ነጥብህ እዚሁ ግማሹ ተመለሰ። ምሳሌዎቹ ተፈለሰፉ ያልከው፣ መቼም 1፣ 3 እና 4 ሳንቲም ይዘህ 6ን ክፈል የምትለዋን አስበህ ይሆናል። እሷስ እውነትም ሰሌዳ ላይ የተፈጠረች ናት። ግን አገር ከፈለግክ አገር አለልህ፣ ያውም ታላቋ ብሪታንያ። እስከ 1971 እ.ኤ.አ. አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ ነበር። ከሽልንጉ በላይ ሁለት ሽልንግ የሆነ ፍሎሪን የሚባል፣ ከእሱም በላይ ሁለት ሽልንግ ተኩል የሆነ ግማሽ ክራውን የሚባል ሳንቲም ነበራቸው። አራት ሽልንግ ክፈል። ግሪዲ ግማሽ ክራውን ያነሳል፣ ከዚያ አንድ ሽልንግ፣ ከዚያ ስድስት ፔንስ፣ ሦስት ሳንቲም። ማንኛውም የለንደን ሻይ ሻጭ ሁለት ፍሎሪን ይሰጥሃል። እኛ 50 ሳንቲሙን «ሽልንግ» ማለታችንን ሳስብ ስሙን ብቻ ወስደን ጣጣውን መተዋችን ያስቀኛል።

የእኛ አያቶችማ ከዚህ የጸዱ ነበሩ። አንድ ብር 16 ግርሽ በነበረበት ዘመን ግማሹ አላድ፣ ሩቡ ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ነበር። ሁሉም እጥፍ በእጥፍ። ኮምፒውተር ሳያዩ በሁለት ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው።

አራተኛው፣ ክብደት። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ከባድ ነው ያልከውን በቁጥር እንየው። 100 ብር ማለት 10,000 ሳንቲም ነው። አምስት የሳንቲም ዓይነት ካለህ ሠንጠረዡን ለመሙላት 50,000 እርምጃ ይፈጃል። በእጅህ ያለው የተሰነጠቀ ስልክ እንኳ ይህን ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ይጨርሰዋል። ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀውም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም።

እዚህ ላይ ግን እውነት አለህና ልስጥህ። 10 ሚሊዮን ብር በሳንቲም ብታሰላ ሠንጠረዡ አንድ ቢሊዮን ሳጥን ይሆናል፣ ላፕቶፕህ አይችለውም። ግሪዲ በአምስት ማካፈል ይጨርሰዋል። በጥቅሉም ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሳንቲሞቹ የፈለጉትን ያህል ትልልቅና ብዙ ከሆኑ ፈጣን መፍትሔ ያገኘ ሰው እስካሁን የለም፤ ከባድ ከሚባሉት ችግሮች ጎራ መሆኑን ሉከር የሚባል ሰው በ1975 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለቱን አጋባቸው። ትልቁ ሳንቲም 50 ከሆነ፣ በትንሹ ብዛት በተከፈለ መልስ ውስጥ ከ50 ያነሱ ሳንቲሞች ከ49 አይበልጡም። ምክንያቱ ደስ ይላል። 50 ትንንሽ ሳንቲም ደርድርና ከመጀመሪያው ጀምረህ እየደመርክ ሂድ። በየደረስክበት ድምሩን ለ50 አካፍልና ቀሪውን ጻፍ። 50 ቀሪ ትጽፋለህ። አንዱ ዜሮ ካልሆነ የሚቀሩህ ቁጥሮች 49 ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ አንዱ ይደገማል። በሁለቱ ድግግሞሽ መሐል ያሉት ሳንቲሞች ድምር እንግዲህ የ50 ብዜት ነው። ዜሮ ከሆነም ከመጀመሪያው እስከዚያ ያሉት ናቸው። እነሱን አንስተህ በሃምሳዎች ለውጥ፣ ብዛቱ ቀነሰ። ስለዚህ ትንንሾቹ ቢበዛ 49 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ቢበዛ 25፣ በድምሩ 1,225 ሳንቲም። ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ያለሐሳብ በ50 ክፈለው፣ ያ የግሪዲ ድርሻ ነው። የቀረውን በሠንጠረዥ። አሥር ሚሊዮኑም ብር ከ1,225 በማይበልጥ ሠንጠረዥ ያልቃል፣ ሳንቲሞቹ አመጸኛ ቢሆኑም እንኳ።

አምስተኛው ነጥብህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሳትከው ጥያቄውን ነው። በስንት መንገድ ይከፈላል ማለት ሌላ እንቆቅልሽ ነው። ግሪዲ አንድ መንገድ ይሰጥሃል። አንተ ያቀረብከው ያንን አንድ መንገድ ይዞ እያንዳንዱን ሳንቲም እየሰበሩ መቁጠር ነው። በ10 ሳንቲም እንሞክረው። አንድ አስር፣ አንድ። ሁለት አምስት፣ ሁለት። የግራውን አምስት ስበር፣ ሦስት። የቀኙን ስበር፣ አራት። ከሁለቱም የቀረውን ስበር፣ አሥር አንድ ሳንቲም፣ አምስት፣ ደግሞ ስድስት። ኮድህ 6 ይላል። እውነተኛው መልስ 4 ነው፣ የግራና የቀኝ አምስት ሳንቲም ልዩነት የላቸውማ።

የሚቆጥረው ያው «ጉራ» ያልከው ሠንጠረዥ ነው። ውጭ ያለው ሉፕ፣ ማለትም ኮዱ የሚደጋግመው ዙር፣ በሳንቲሞቹ ላይ ይሂድ፣ ውስጥ ያለው በድምሮቹ ላይ። ብትገለብጠው ቅደም ተከተሉንም ይቆጥርብሃል። ልክ ከሆነ 50 ሳንቲም በ1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ሲከፈል ልክ 50 መንገድ ይሰጥሃል፣ ለማስታወስ የተመቸ። አንድ ብር ደግሞ በእነዚሁ በአምስቱ 292 መንገድ አለው። ፕሮጀክት ኦይለር የሚባለው የእንቆቅልሽ ድረ ገጽ ላይ ያለችውን 31ኛዋን ጥያቄ፣ ሁለት ፓውንድን በስምንት ዓይነት ሳንቲም የምትለዋን፣ ተማሪዎቼ ሲሠሯት 73,682 ይወጣል። ኮድህን በዚያ ፈትነው።

አንድ ነገር ቀረችኝ፣ ነጥብህ ውስጥ የለችም፣ ኮድህ ውስጥ ግን አለች። ሙከራህን የሠራኸው በሙሉ ቁጥር ሳንቲም ነው፣ ጎበዝ። መጨረሻ ላይ «ለሱቅ የሚሆን» ብለህ ያስቀመጥከው ግን በብር ነው የሚያሰላው፣ በነጥብ። 0.25፣ 0.10፣ 0.05፣ 0.01 እያልክ። ከ0.25 በቀር ኮምፒውተር እነዚህን ቁጥሮች በትክክል አይዛቸውም፣ በሁለትዮሽ ሲጻፉ ማለቂያ ስለሌላቸው ይቆርጣቸዋል። 0.30 ብር ስጠኝ አልኩት። ስሙኒውን አነሳ። ከ0.30 ላይ 0.25 ሲቀንስ 0.05 ሳይሆን 0.04999999999999999 ቀረው። ስለዚህ አምስት ሳንቲሟ አልገባችም። አራት አንድ ሳንቲም ቆጠረ። ለአምስተኛዋ የቀረው ከ0.01 በአንዲት ጸጉር አነሰ፣ እሷም አልገባችም፣ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ቆመ።

30 ጠየቅኩ፣ 29 ሰጠኝ። አንዷን ሳንቲም ከአንተ ነው የምፈልጋት። ከዚራ ሰፈር ከተገናኘን በሻይም እቀበላለሁ።